ልጄን አላከራየሁም

የምርኩዙን ድምፅ ቀድማ የሰማችው ሰገን ነበረች። ከታች ከደረጃው ጠቅ ይላል፤ ከዚያ እግር ይጎተታል፤ ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ይሰማል። ከዚያ እንደገና ጠቅ።

«እናትህ ናቸው» አለች።

ለታ ፈገግ አለ። «አይሆንም። እማዬ ከተሰበረች ወዲህ ከአንደኛ ፎቅ አልፋ አታውቅም።»

«እሳቸው ናቸው አልኩህ። አረማመዳቸውን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።»

ፈገግታው ከፊቱ ጠፋ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። የሰገን እናት ወይዘሮ መድኃኒት ለቅሶ ሊደርሱ ወጥተዋል። ለታ የመጣው የኩሽናውን ቧንቧ ሊያይ ነው፤ ቢያንስ ሰው ከጠየቀው የሚለው እንደዚያ ነው። ቧንቧው ግን ምንም አልሆነም።

ቂርቆስ ውስጥ የሚገኘው ይህ ሕንጻ የእናቱ የወይዘሮ ሸዋአየሁ ነው። ከሟች ባለቤታቸው ከአቶ ባይሳ ጋር ዕድሜያቸውን ሙሉ ለፍተው ያቆሙት፣ አሳንሰር የሌለው አሮጌ ፎቅ። እሳቸውና ለታ አንደኛ ፎቅ ይኖራሉ፤ ሰገንና እናቷ ሦስተኛ ፎቅ ተከራይተዋል። ባለፈው ዓመት ወይዘሮ ሸዋአየሁ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቀው ዳሌያቸው ሲሰበርና በቀዶ ሕክምና ሲጠገን፣ ስታዲየም አካባቢ ባለ ክሊኒክ ፊዚዮቴራፒስት የሆነችው ሰገን ማንም ሳይለምናት ወርዳ እግራቸውን ይዛ ታለማምዳቸው ጀመር። «ከፍ ያድርጉ፣ ዝቅ፣ ትንሽ ይያዙት።» እሳቸውም ልጄ ይሏት ጀመር። ለታ ደግሞ እናቱን በአንድ በኩል ሲደግፍ፣ እሷ በሌላው በኩል ስትይዝ፣ ዓይን ለዓይን መገጣጠም መጣ። መጀመሪያ ሁለቱም ዓይናቸውን ቶሎ ያነሱ ነበር። በኋላ ማንሳቱ አቃታቸው።

ለማንም አልተናገሩም። ሰገን እየፈራች ነው የወደደችው። የእናቷ ጣሪያ የእሱ እናት እጅ ላይ ነው፤ አንድ ቃል ካመለጠ ሁለቱም ይሄዳሉ፣ ፍቅሩም ቤቱም።

በሩ ተንኳኳ።

ለታ ወደ ወይዘሮ መድኃኒት መኝታ ክፍል ገባና በሩን ገርበብ አደረገ። ሰገን የቀዘቀዙ እጆቿን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ከፈተች።

ወይዘሮ ሸዋአየሁ ግንባራቸው በላብ ርሷል፤ ዓይናቸው ግን እንደ ልጅ ያበራል። «ወጣሁት» አሉ እያለከለኩ። «ብቻዬን። ለማንም ሳልናገር። መጀመሪያ አንቺ እንድታዪኝ ብዬ ነው።»

«እትዬ፣ ቢወድቁስ ኖሮ?» ሰገን ደግፋ ሶፋው ላይ አስቀመጠቻቸው። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት።

«አልወደቅኩማ። ደህናው እግር ወደ ላይ ይቀድማል ብለሽኝ የለ።» ውሃ ጠጡ፤ ዙሪያውን አዩ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እጇን ያዙ። «ለምን እንደምለፋ ልንገርሽ። ለታን ልድር ነው። የደራርቱን ልጅ ሎሚን፤ አይተሻታል፣ ባለፈው ልትጠይቀኝ መጥታ የነበረችው። ጨዋ ልጅ ናት፣ ቤተሰቦቿንም አውቃለሁ። እና ተቀምጬ ሳይሆን ቆሜ ነው መመረቅ የምፈልገው። አንቺ እዚያ ታደርሺኛለሽ አይደል?»

ሰገን ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ገርበብ ያለውን በር ላለማየት የመስኮቱን መጋረጃ አተኩራ ታያለች።

«ቆይ፣ ለእሱም ልንገረው። ሦስተኛ ፎቅ ነኝ ስለው አያምንም።» ወይዘሮ ሸዋአየሁ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ።

ስልኩ ከውስጥ ከመኝታ ክፍሉ ጠራ።

አሮጊቷ ወዲያው አልገባቸውም ነበር። ስልኩን ከጆሯቸው አንስተው አዩት፣ ከዚያ በሩን አዩ፣ ከዚያ ሰገንን። ጥሪውን አላቋረጡም። ዝም ብለው አስጠሩት። ለታ ስልኩን በእጁ እንደያዘ ወጣ። እናቱ ፊት ሲቆም ረጅም ቁመቱ ሁሉ ያጠረ መሰለ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ ወይዘሮ ሸዋአየሁ። አልጮሁም።

ወደ ሰገን ዞሩ።

«እግሬን ይዘሽ ስታለማምጂኝ፣ እኔ ልጄ ስልሽ፣ ያኔም ነበር?»

«እትዬ፣ ማለቴ... ልነግርዎት...»

«ተይው።» ምርኩዛቸውን ፈለጉ። «ሰገን፣ እኔ ያከራየሁት ቤቴን ነው። ልጄን አላከራየሁም። ወሩ ሲያልቅ ቁልፌን ታስረክቢኛለሽ።»

ለታ «እማ» አለ።

«አውርደኝ» አሉት። ብቻቸውን ወጥተው ነበር፤ ብቻቸውን መውረድ ግን አልቻሉም። ለታ ወገባቸውን ይዞ እያዘገመ አወጣቸው። ሰገን በሩ ላይ ቆማ ጀርባውን ጠበቀች። አንድ ጊዜ ብቻ ዞሮ ቢያያት ይበቃት ነበር። አልዞረም። ድምፃቸው ከደረጃው ላይ እየራቀ ሲሄድ፣ በሩን ዘግታ እሳቸው የጠጡበትን ብርጭቆ አነሳች።

* * *

ለእናቷ አልነገረቻቸውም። እንዴት ትነግራቸዋለች? ካዛንቺስ የኖሩበት ግቢ ለልማት ሲፈርስ ወይዘሮ መድኃኒት አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ዕቃ ሲያስሩ አይታለች። ከዚያም በፊት፣ በክፉው ጊዜ፣ በሰሜኑ ጦርነት ወቅት፣ ስማቸውን ጠይቆ ሲነግሩት ፊቱ የተለወጠ አከራይ በማግስቱ ውጡልኝ ብሏቸው ያውቃል። ከዚያ ወዲህ እናቷ በር በተንኳኳ ቁጥር የያዙትን ያስቀምጣሉ። ቂርቆስ ከገቡ በኋላ ብቻ ነው እንቅልፍ የለመዱት። «እዚህ ቤት ደህና ነው» ይላሉ ዘወትር፣ ለራሳቸው የሚያረጋግጡ ይመስል።

ለታ ስልክ አያነሳም። መልእክቶቿን ያነባል፣ አይመልስም። ሰገን በሥራ ቦታዋ የታካሚ ትከሻ ይዛ ታሻለች፤ ሐሳቧ ግን ደረጃው ላይ ነው። ደረጃው ላይ አንድ ሰው እንዳያገኛት ጠዋት ስትወጣ ጫማዋን ቀስ ብላ ትረግጣለች። በገዛ ቤቷ ሌባ የሆነች መሰላት።

ከሥራ ስትወጣ ላንቻ አካባቢ ቤት ፍለጋ ጀመረች። ደላላው ሁዘይፋ የሚባል ወሬ የማይጠግብ ሰው ነው፤ አንዱን ቤት አሳይቶ ሌላው ጋ እስኪደርሱ ድረስ አፉ አያርፍም። ቤቶቹ ግን ተስፋ ያስቆርጧት ነበር። አንዱ መስኮት የለውም። አንዱ ውሃው ከጎረቤት ነው የሚቀዳው። ሌላው ጥሩ ነበር፤ የቤቱ ባለቤት ግን በር ላይ እንደቆመች ሰገንን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«ከማን ጋር ነው የምትኖሪው?»

«ከእናቴ ጋር።»

«ወንድ የለም? ባል፣ ወንድም?»

«የለም።»

«አገራችሁ የት ነው?»

ሰገን መለሰች። ሴትዮዋ «እስቲ ከባለቤቴ ጋር ልማከር» አለችና በሩን ዘጋች። ሰገን ያንን አዘጋግ ታውቀዋለች። ደረጃውን ስትወርድ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች።

«አይዞሽ፣ እናገኛለን» አላት ሁዘይፋ። «አሁን ያላችሁት የማን ቤት ነው ያልሽኝ?»

«የወይዘሮ ሸዋአየሁ።»

«የለታ እናት? የለታ ባይሳ?» ሁዘይፋ ሳቀ። «ለታ እኮ ጓደኛዬ ነው። እሱም ቤት ፈልግልኝ ብሎኛል። እዚሁ ላንቻ አንድ ጥሩ ቤት አግኝቼለት ቀብድ ሊይዝ ነው። ለሙሽሮች የሚሆን ብሎ ነው ያዘዘኝ። አልሰማሽም እንዴ?»

«አልሰማሁም» አለች ሰገን። ከዚያ በኋላ ያወራውን አታስታውስም። ሚኒባሱ ውስጥ ስትገባ ረዳቱ ሒሳብ ሲላት ደንግጣ ቀና አለች። ሎሚ ናት፣ ከሎሚ ጋር ነው። እናቱ እንዳሉት። መንገዱን ሁሉ ለቅሶ እየተናነቃት፣ ግን ሰው ፊት ማልቀስ ፈርታ፣ ከንፈሯን ነክሳ ሄደች።

* * *

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ለታን ክሊኒኩ በር ላይ ቆሞ አገኘችው። ከስቷል፤ ጢሙን አልተላጨም። ወደ ስታዲየሙ አቅጣጫ ተያይዘው ሄዱ፤ አስፋልቱ ዳር ካልሲና የስልክ ሽፋን የዘረጉ ነጋዴዎች ይጠሯቸዋል፣ ሁለቱም አይሰሙም።

«እንኳን ደስ ያለህ» አለችው።

«በምኑ?»

«በቤቱ። ለሙሽሮች የሚሆነውን ማለቴ ነው።»

ለታ ቆመ። «ሁዘይፋ ነገረሽ?»

«እሱ ጥፋት የለበትም። ደስ ብሎት ነው የነገረኝ። አንተ ግን፣ ለታ፣ አንድ ቃል ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ሎሚን ላገባ ነው ብትለኝ አልገድልህ።»

«ሰገን፣ ቤቱ የእኔና የአንቺ ነው።»

ዓይኗን ማንሳት አልደፈረችም።

«ለአደይም ክፍል አለው» አለ። እናቷን እሷ እንደምትጠራቸው ነው የሚጠራቸው። «ፀሐይ የሚገባበትን ለእሳቸው አስቤዋለሁ። ያን ቀን ደረጃው ላይ ሳወርዳት እማዬ ምን አለችኝ መሰለሽ? ከእሷ ጋር ካላወራህ እስከ ወሩ መጨረሻ በሰላም ይቀመጣሉ፤ ካወራህ ግን ዛሬውኑ ዕቃቸውን አስወጣለሁ አለችኝ። አደይ በዚያ ዕድሜያቸው ዕቃቸው መንገድ ላይ ወጥቶ... ፈራሁ። በቃ ፈራሁ። ቤት እስካገኝ ዝም ልበል አልኩ።»

«እኔ ደግሞ በዚህ ሁሉ ቀን የተውከኝ መስሎኝ ነበር።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ማታ ማታ ስልኬን እያየሁ ስቀመጥ ምን እንደምሆን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። እኔም ከታችሽ ሆኜ እግርሽን እሰማ ነበር። ስትንጎራደጂ።»

ይህን ጊዜ እንባዋ ወረደ። ለታ እጇን ያዘ፤ አልነጠቀችውም።

«ዛሬ እንሂድ» አላት። «ቤቱን እናያለን፣ ወሩ ሳያልቅ እንገባለን፣ ከዚያ እንጋባለን።»

ሰገን ለአፍታ ያንን ቤት በዓይነ ሕሊናዋ አየችው፣ ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል፣ እናቷን። ልቧ ወደዚያ ሮጠ። ከዚያ ቀስ ብላ እጇን አወጣች።

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«እናትህ ልጄን ሰረቀችኝ ይላሉ። ዕድሜዬን ሙሉ ይሉኛል። ለታ፣ እኔ ብዙ በር ተዘግቶብኛል፤ በመስኮት ገብታ ወሰደች መባልን ግን አልችልም። እናቴም ልጇን በድብቅ የሸኘች ሴት አትሆንም።»

«እና ምን ላድርግ?»

«አላውቅም» አለችው እውነቷን። ትታው ስትሄድ እንደሚወዳት አውቃ ነው የሄደችው፤ ያ ደግሞ ካለማወቁ ይልቅ አስፈራት። አሁን የምታጣው ነገር አለ።

* * *

ቤት ስትገባ ገና አልመሸም ነበር። ወይዘሮ መድኃኒት ሶፋው ላይ ነጠላቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል።

«የወይዘሮ ሸዋአየሁ ሠራተኛ መጥታ መቼ ነው የምትለቁት አለችኝ» አሉ። «ሁሉንም ነገረችኝ። ለምን ደበቅሽኝ?»

«አደይ፣ እንዳትደነግጪ ብዬ...»

«ደንግጫለሁ። እንግዲህ አለቀ።» ተነሱ። «ነይ እንውረድ።»

«አደይ፣ እባክሽ። ዛሬውኑ ውጡ ቢሉንስ?»

«ነይ አልኩሽ እኮ።»

ሰገን ከኋላቸው ወረደች። በየበሩ በየአከራዩ ፊት ሲያቀረቅሩ የኖሩት እናቷ ምን ሊሉ እንደሆነ መገመት አቃታት፤ ይለምኑ ይሆን? እንዳይለምኑ በልቧ ጸለየች።

በሩን የከፈተው ለታ ነው። ሲያያቸው ደረቀ። ወይዘሮ ሸዋአየሁ ሳሎን ውስጥ ናቸው፤ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለውታል። ቁርጭምጭሚታቸው አብጧል። ተቀመጡ አላሏቸውም። ወይዘሮ መድኃኒት ቆመው ተናገሩ።

«ስለ ቤቱ ልለምንዎት አልመጣሁም። ቤቱ የእርስዎ ነው፤ ወሩ ሳያልቅ እንለቃለን። ልጄን አላከራየሁም ብለዋል አሉ። ልክ ነዎት። እኔም ልጄን ለቤት ብዬ አላሳደግኳትም። እግርዎን ስትይዝ ኪራይ ይቀነስልኛል ብላ አልነበረም።»

«እሱን አላልኩም» አሉ ወይዘሮ ሸዋአየሁ።

«እሺ። ታዲያ ሰው ልጁን የሚወድለት ሰው ሲያገኝ ለምን ያባርራል? ልንገርዎት? እርስዎ ፈርተዋል። ፍርሃትን እኔ አውቀዋለሁ፤ ስንት ዓመት አብሮኝ ኖሯል። ሲመጣ ከሩቅ ነው የምለየው።»

«እኔ? በገዛ ቤቴ ምን እፈራለሁ?»

«ብቻዎን መቅረት።»

ከመንገዱ የሚኒባስ ረዳት ጥሪ ይሰማል። ወይዘሮ ሸዋአየሁ የወንበሩን መደገፊያ ጨበጡ። አገጫቸው ሲንቀጠቀጥ ሰገን አየች፤ ያቺ ያስፈራቻት ሴት ድንገት አሮጊት ብቻ ሆነችባት።

ለታ ከበሩ ጥግ ተናገረ። ድምፁ የእሱ አይመስልም። «እማ፣ ያን ቀን መናገር ነበረብኝ። ፈርቼ ዝም አልኩ። ሰገንን እወዳታለሁ። ሎሚን አላገባም። ትቼሽም አልሄድም። ግን ሌላ ሴት አምጪልኝ አልልሽም፤ መቼም።»

ሰገን ዓይኗ ከወይዘሮ ሸዋአየሁ እግር ሊነሳ አልቻለም። ሳታስበው ተንበርክካ ቁርጭምጭሚታቸውን ነካች። ትኩስ አልነበረም፤ ከመቀመጥ የመጣ እብጠት ነው።

«ልምምዱን አቁመዋል?»

«ከማን ጋር ልሥራው?» አሉ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው።

«ነገ ከሥራ ስወጣ እመጣለሁ። ቤቱን ከለቀቅንም በኋላ እመጣለሁ።»

«ከዚህ ሁሉ በኋላ? ለምን ብለሽ?»

«ጀምሬዎታለሁ» አለች ሰገን። «መሃል ላይ አልተውዎትም።»

ወይዘሮ ሸዋአየሁ አልመረቁም፣ ይቅር አላሉም። ግን እግራቸውንም አልሰበሰቡም።

* * *

ወሩ ሲያልቅ ሁዘይፋ በመጨረሻ ላንቻ ውስጥ ጠበብ ያለች ቤት አገኘላቸው። ለታ ዕቃውን በትከሻው አወረደ። እናቱ ከክፍላቸው አልወጡም።

ሰገን ቃሏን ጠበቀች። ከሥራ ስትወጣ ቂርቆስ ትሄዳለች፣ እግራቸውን ትይዛለች። «ከፍ ያድርጉ። ዝቅ።» ሌላ ወሬ የለም። ስትገባ ለታ ይወጣል፤ እንደዚያ እንዲያደርግ የጠየቀችው ራሷ ናት። ደረጃው ላይ ሲተላለፉ ዓይናቸው ብቻ ይነጋገራል። እንደዚህ ሆኖ ሊቀር ነው ብላ ታስባለች፤ ሴትዮዋ አንድ ቀን ድነው «በቃ፣ ከእንግዲህ አትምጪ» ሊሏት። ሲሻላቸው ደስ ይላታል፣ ሲሻላቸው ትፈራለች። አንድ ቀን ወይዘሮ ሸዋአየሁ ጫማቸውን ስታደርግላቸው «እናትሽ እሁድ ከቤት አይወጡም?» ብለው ጠየቋት። «አይወጡም» አለች። ሴትዮዋ ሌላውን እግራቸውን ዘረጉላት፤ እሷም መጠየቅ አልደፈረችም።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ የላንቻው በር ተንኳኳ። ወይዘሮ መድኃኒት የያዙትን ሳህን አስቀመጡ። ነጠላ የለበሱ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ከፊታቸው ቂርቆስ ሰፈር ሁሉ የሚያከብራቸው አቶ ገብረዋህድ። ሰገን ወደ ውስጥ ክፍል ገባች፤ ወጉ እንደዚያ ነው። ለታ ነው ያደረገው። እናቱን ሳያስፈቅድ፣ አትዘግይ ብሎት ልቡ፣ ሽማግሌ ልኳል። እናቷ ይህን አይቀበሉም። ዛሬ የመጨረሻው በር ሊዘጋ ነው። ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ሁለት እጆቿን ደረቷ ላይ አጥብቃ አዳመጠች።

ሽማግሌዎቹ ቆመው አንቀመጥም አሉ። አቶ ገብረዋህድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጅዎን ለልጃችን ለለታ ባይሳ ልንጠይቅ ነው የመጣነው።»

«ማን ልኳችሁ ነው?» አሉ ወይዘሮ መድኃኒት። ድምፃቸው ቀዝቃዛ ነው። «ልጁ ራሱ ከሆነ፣ እናቱ ሳያውቁ የሚሆን ነገር የለም።»

«ልጁማ ዛሬ መምጣታችንን የሰማው ጠዋት ነው» አሉ አቶ ገብረዋህድ። «የላኩን ወይዘሮ ሸዋአየሁ ናቸው። ካልሄድኩ ብለው መኪና ውስጥ ታች ተቀምጠዋል። የእርስዎን መልስ ሳይሰሙ ግን መውጣት አልደፈሩም። እምቢ ይሉኛል ብለው ፈርተዋል።»

ከዚያ ሰገን የእናቷን ድምፅ ሰማች፤ እንደዚያ ለስልሶ ሰምታው አታውቅም።

«ይግቡ በሏቸው እንጂ። በር ላይ አስቀምጬ የማቆይ ሰው ነኝ እንዴ?»

ሰገን ባለችበት ግድግዳውን ይዛ ቁጭ አለች። አለቀሰች፤ ድምፅዋን መደበቅ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አላስፈለጋትም።